ሁለተኛው ሰው የት ነበር?

የዚህ ምሽት አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ «የአቻ ግፊት በትምህርት ቤት» የሚል ነው። ይህን የሰማ ወላጅ ወዲያው የሚመጣበት ሲጋራ፣ ጫት፣ ሺሻና መጥፎ ጓደኛ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቸኮሌት ሽያጭ ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ሮበርት ኮርሚየር በ1974 ያሳተመው «ዘ ቾክሌት ዎር» ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ላሳስብ። ኮርሚየር በማሳቹሴትስ ግዛት ሌመንስተር በምትባል ከተማ በ1925 ተወልዶ፣ እዚያው አካባቢ በጋዜጠኝነት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ልቦለዱ የተጻፈው ለወጣቶች ነው ይባላል፤ እኔ እንኳ ከወጣቶቹ ይልቅ መምህራን ቢያነቡት እመርጣለሁ።

የምሽቱ ዓላማዬ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስሕተት ሲሠራ፣ እዚያ ያለው ሁሉ በስሕተቱ አምኖ ነው? ወይስ እያንዳንዱ በልቡ እየተቃወመ፣ ጎረቤቱ ያመነ እየመሰለው ነው ዝም የሚለው? የኮርሚየር መልስ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። ስለዚህም መጽሐፉ፣ ብዙ አንባቢ እንደሚለው፣ እምቢ ስላለው አንድ ልጅ ሳይሆን ከጎኑ መቆም ሲገባው ሳይቆም ስለቀረው ሁለተኛ ሰው የተጻፈ ነው ብዬ እከራከራለሁ። መጀመሪያ ላላነበባችሁት ታሪኩን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ አንድ የክፍል ውስጥ ትዕይንት ላይ ቆም እላለሁ፤ ቀጥሎ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያገኙትን አንሥቼ ወደ ልጆቹ እመለሳለሁ።

ትሪኒቲ የወንዶች ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህሩ ታመው ስለተኙ ወንበሩን የያዘው ብራዘር ሊዮን ነው፤ በአገራችንም የካቶሊክ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው «ብራዘር» የሚለው አጠራር አይጠፋውም። ትምህርት ቤቱ ለገቢ ማሰባሰቢያ በየዓመቱ ተማሪዎቹን ቸኮሌት ያሻሽጣል። አምና እያንዳንዱ ተማሪ 25 ሳጥን፣ አንዱን በአንድ ዶላር ሸጦ ነበር። ዘንድሮ ሊዮን 20,000 ሳጥን ገዛ። 400 ለሚሆኑ ተማሪዎች ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 50 ደረሰ፤ ዋጋውም ሁለት ዶላር ገባ። ቸኮሌቱ ለእናቶች ቀን ተሠርቶ ሳይሸጥ የተረፈ ነው፤ ሪባኑን ፈትተው ነው ያመጡት። ሊዮን ገንዘቡን ከሥልጣኑ አልፎ ነው ያወጣው፤ ሳይሸጥ ቢቀር ጉዱ ይፈላል። ይህን ግን ተማሪዎቹ አያውቁም። እነሱ የሚነገራቸው ስለ ትምህርት ቤት ፍቅር፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ኅብረት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን እኛ። ሊዮን አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ተረት በየማለዳው ሳይጠቅሰው አይቀርም ነበር፤ እሱ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ሃምሳ ሃምሳውን ነው ያሸከመው።

በትምህርት ቤቱ «ቪጂልስ» የሚባል ስውር የተማሪዎች ማኅበር አለ። መምህራኑ መኖሩን ያውቃሉ፤ ስሙን ግን አያነሡትም። የማኅበሩ አእምሮ አርቺ ኮስቴሎ ነው። አርቺ እጁን በማንም ላይ አያነሣም፤ ሥራው ለተማሪዎች «ተልእኮ» እየፈለሰፈ ማደል ነው። አንዱን ልጅ፣ ጉበርን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ ብሎን በሌሊት እንዲያላላ አዘዘው። በማግሥቱ ክፍሉ እንዳለ ፈረሰ፤ ያስተምሩበት የነበሩት ብራዘር ዩጂንም ጤናቸው ታውኮ ከሥራ ቀሩ። አንድ ደንብ ብቻ አርቺን ይገታዋል። ተልእኮ በሰጠ ቁጥር ስድስት ብይ ካለበት ሳጥን አንዱን ማውጣት አለበት፤ አምስቱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ ከወጣ ተልእኮውን ራሱ ይፈጽማል። መቼም አልወጣበትም።

ጄሪ ሬኖ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። እናቱ በቅርቡ ሞተውበታል፤ አባቱ መድኃኒት ቤት ውለው ይገባሉ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አርቺ የሰጠው ተልእኮ ቀላል ይመስላል፦ ለአሥር ቀን ቸኮሌቱን አልሸጥም በል፣ ከዚያ ተቀበል። ጄሪ አሥሩንም ቀን ስሙ ሲጠራ እምቢ አለ። ቀነ ገደቡ አልፎ እንደገና ሲጠራም እምቢ አለ። ለምን? ራሱም አጥርቶ አያውቀውም። ደራሲው የጀግና ንግግር አላስደረገውም፤ በጓዳ የሚታገልለት ዓላማም አልሰጠውም። ይህን በጣም እወድለታለሁ፤ ልጆች እምቢ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ከእነሱ አፍ መስማት የምንፈልገው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የታሪኩን መገጣጠሚያ ልብ በሉልኝ። ጄሪ እምቢ ሲል ተማሪዎቹ መጀመሪያ አደነቁት። ሽያጩ ሰልችቷቸው ነበር፤ በየደጁ እየዞሩ ማንኳኳቱን ማን ይወዳል? «ይህ ልጅ እኛ የምናስበውን ተናገረ» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ሽያጩም ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ ሊዮን ሽያጩን አሳካልኝ ብሎ አርቺን ያዘው። ቪጂልስም ቸኮሌት መሸጥን የትምህርት ቤቱ ፋሽን አደረገው፤ ያልሸጠውን ሸጠ፣ የሸጠውን ጀግና አሰኙት። ጄሪን ትናንት ያደነቁት እነዚያው ልጆች በሳምንት ውስጥ ፊታቸውን አዞሩበት። በሌሊት ስልክ እየደወሉ ያላግጡበት ጀመር፤ ሎከሩ ተሰባብሮ ተገኘ፤ ተደበደበ፤ በኋላም እንደሌለ ቆጥረው በአጠገቡ ያልፉ ጀመር። በመጨረሻ ከእሱ 50 ሳጥን በቀር ሁሉም ተሸጠ። የእነዚህን ልጆች ሐሳብ ማንም አልቀየረውም። ቸኮሌቱን መሸጥ እንደጠሉ ነበሩ። የተቀየረው እያንዳንዱ ስለ ሌላው የነበረው ግምት ብቻ ነው።

አሁን ወዳልኋችሁ ትዕይንት ልግባ። ሊዮን ክፍል ውስጥ ነው፤ በእጁ የሰሌዳ መጠቆሚያ ዘንግ ይዟል። ቤይሊ የሚባል ልጅ ያስነሣል። ቤይሊ ጉልበት የሌለው፣ አንገቱን የደፋ፣ ከመጽሐፍ የማይለይ፣ ሁሌ ኤ የሚያመጣ ልጅ ነው። ሊዮን ዘንጉን ያወዛውዝና የልጁን ጉንጭ ይመታዋል፤ ወዲያው ሳላስበው ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ይጀምራል። ሁልጊዜ ኤ ማምጣት የሚችል ፍጹም የሆነ ብቻ ነው፤ ፍጹም ደግሞ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እንግዲህ አንተ ፈጣሪ ነህ ወይስ ኩረጃ ነው? ክፍሉ ሳቀ። ሊዮን የቀልድ ሰዓቱን ያውቃል፤ አንዴ ያሾፋል፣ አንዴ ይኮሳተራል፣ ተማሪዎቹም እየተከተሉት ይስቃሉ፣ ይቆማሉ፣ ይስቃሉ። ቤይሊ አልኮረጅኩም ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ቆይቶ ቆይቶ ከኋላ አንድ ድምፅ ልጁን እንዲተዉት ተናገረ። ሊዮን ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ወደ ክፍሉ ዞረ። ቤይሊ በአቋሙ ስለጸና አመሰገነው፤ ሌሎቹን ግን አዋረዳቸው። አንድ ንጹሕ ልጅ ሲሰቃይ አብራችሁ ሳቃችሁ፣ ይህን ክፍል ለጥቂት ደቂቃ የናዚዎች ጀርመን አደረጋችሁት አላቸው። ከኋላ የመጣውን ድምፅም አልማረውም፤ ዘገየህ፣ አነሰህም ዓይነት መልስ ሰጠው።

መምህራን እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሊዮን ያለው ነገር እውነት ነው። ተማሪዎቹ በእርግጥ ፈሪ ነበሩ፤ እኔም ክፍል ብገባ ያንኑ ትምህርት ልሰጥ እችላለሁ። ታዲያ ከዚያ ክፍል የወጣ ልጅ ምን ተማረ? ለተበደለ መቆምን አልተማረም። የተማረው ሊዮን ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል እንደሚይዝ ነው፤ ብትስቅ ጥፋተኛ ነህ፣ ዘግይተህ ብትናገር ጥፋተኛ ነህ፣ እየሰደበህ እንኳ ዝም ብለህ ትሰማዋለህ። ስለ ዝምታ የተሰጠው ወቀሳ ራሱ በዝምታ ነው የተደመጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው መምህር መዝገቡን ዘርግቶ ስም እየጠራ ቸኮሌት ሲያስቆጥር፣ ከዚያ ክፍል ተቃዋሚ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሞኝ ነው። ያን ከኋላ የተናገረውን ልጅ ግን አትርሱብኝ። ደራሲው ስሙን አይነግረንም፤ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም፤ ማንም «እኔም» አላለም።

እንግዲህ ልቦለዱን ለጊዜው እናስቀምጠውና ወደ ተመራማሪዎቹ እንሂድ፤ ብዙ አላቆያችሁም። ሰሎሞን አሽ የተባለ፣ ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1950ዎቹ የሠራው ሙከራ አለ። ሰባት ስምንት ተማሪዎች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። አንድ መስመር ያሳያቸውና ከሦስት ሌሎች መስመሮች በርዝመት የሚስተካከለውን ጮክ ብለው በየተራ እንዲናገሩ ያደርጋል። ልዩነቱ ሕፃን የሚለየው ነው። ነገር ግን ከተቀመጡት ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በ12 ዙር ላይ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ የተነገራቸው ናቸው። ተፈታኞቹ ከሰጡት መልስ ሲሶው ያህል ከስሕተቱ ጋር ሄደ፤ ከአራት ተፈታኝ ሦስቱ ቢያንስ አንዴ ተንሸራተዋል።

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው በግ ነው ለማለትም ይጠቀምበታል። ከዚያ በኋላ አሽ የሠራውን ግን ብዙ ሰው አያነብም፤ ለእኔ ዋናው ያ ነው። ከተቀመጡት ውስጥ አንዱን ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር አደረገ። የተፈታኙ መንሸራተት ከቀድሞው ወደ ሩቡ ወረደ። ስድስት ሰው እንደተሳሳተ ነው፤ ግን አንድ አጋር ተገኘ። ቀጠለና አጋሩን ከመሃል አስከዳው፦ ለጥቂት ዙር እውነቱን ይናገርና ወደ ብዙኃኑ ይዞራል። ያን ጊዜ ተፈታኙ ብቻውን እንደነበረበት ዘመን ተመልሶ መንሸራተት ጀመረ። በሌላ ሙከራ ደግሞ አጋሩ ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ከክፍሉ እንዲወጣ ተደረገ። እዚህ ላይ ስሕተቱ ጨመረ፤ ግን የክህደቱን ያህል አልጨመረም። አብሮህ ቆሞ የሄደ ሰው ከሄደም በኋላ ጥቂት ያቆይሃል። አብሮህ ቆሞ የከዳህ ሰው ምንም አይተውልህም።

ኢርቪንግ ጃኒስ የሚባል የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ደግሞ በ1972 ስለ ቡድን አስተሳሰብ ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ። መነሻ የሆነው ልጁ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የምትጽፈው የቤት ሥራ ነበር፤ አሜሪካ በ1961 ኩባን ለመውረር ሞክራ በአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ስለወደቀችበት ጉዳይ። ጃኒስ የተገረመው በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች ደናቁርት ባለመሆናቸው ነው። የታሪክ ምሁሩ አርተር ሽሌሲንገር ወረራውን በጽሑፍ ተቃውሞ ነበር፤ በትልልቆቹ ስብሰባዎች ግን ዝም አለ፤ ቆይቶም በዝምታው እንደተጸጸተ ራሱ ጽፏል። ዋይት ሐውስና የትሪኒቲ ክፍል በዚህ አይለያዩም፦ በስብሰባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ ይመስላል፤ የተስማማ የመሰለውም ሌላውን እያየ ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ጄሪ አንድ ጓደኛ አለው፤ ብሎኖቹን ያላላው ጉበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ የሚያምር ልጅ ነው። የብራዘር ዩጂን ነገር እንቅልፍ ነሥቶታል። ጄሪን ቸኮሌቱን ሽጥና ይብቃህ ብሎ ለምኖታል፤ በክፋት ሳይሆን በፍርሃት። ጄሪ እንደማይመለስ ሲያውቅ ግን ጉበር በራሱ መንገድ ወሰነ፦ 27 ሳጥን ላይ ሲደርስ መሸጥ አቆመ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ሰው ሊፈጠር ነበር ማለት ነው።

የሆነው ምን መሰላችሁ? ቪጂልስ አልደበደበውም፤ አላስፈራራውም። 50 ሸጠ ብለው መዘገቡለት። ስሙና ቁጥሩ በሰው ፊት ሲጠራ ልጆች አጨበጨቡለት። ጉበር እዚያው ቆሞ ይሰማል። «27 ነው የሸጥኩት» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ለብቻው ሄዶ አለቀሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጭካኔዎች ሁሉ እኔ የምፈራው ይህን ነው። ተቃውሞን በዱላ መስበር ያስወራል፤ ተቃውሞን በጭብጨባ መሰረዝ ግን ምልክት አይተውም። ጉበር በአሽ ሙከራ ቋንቋ ከክፍሉ የወጣ አጋር ሊሆን ይችል ነበር፤ መዝገቡ ግን ወደ ብዙኃኑ የዞረ አደረገው። በትምህርት ቤቱ ዐይን ጄሪ አሁን አንድ ለአራት መቶ ነው።

መጨረሻውን ለማንበብ ሆድ ይጠይቃል። አርቺ በኳስ ሜዳው ላይ በሌሊት የቦክስ ግጥሚያ አዘጋጀ። ተማሪዎች ዕጣ ይገዛሉ፤ በዕጣው ላይ ማን ማንን የት እንዲመታ ይጽፋሉ፤ በመድረኩ ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች፣ ጄሪና ተጋጣሚው፣ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማሉ። ማንም ራሱ አልመታም፤ ሁሉም ግን መትቷል። ሊዮን ከርቀት ቆሞ እያየ ዝም አለ። ግጥሚያውን ያስቆመው ሌላ መምህር ብራዘር ዣክ ነው፤ ሲደርስ ግን ጄሪ ወድቋል። ጉበር አጠገቡ ተንበርክኮ ሳለ ጄሪ ሊነግረው የሚፈልገው፣ እነሱ የሚሉህን አድርግ፣ ለብቻህ አትቁም የሚል ነው።

ኮርሚየር ይህን መጨረሻ እንዲያለሳልስ ብዙ አሳታሚዎች ጠይቀውት እምቢ ብሏል፤ ፓንቲዮን የተባለው አሳታሚ እንዳለ አተመለት። በ1988 የወጣው ፊልም ግን መጨረሻውን ቀየረው። መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለማስወጣት የሚጥሩ ወላጆችም አልጠፉም፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2004 ብዙ ተቃውሞ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንደኛ አድርጎ መዝግቦታል። ተስፋ ያስቆርጣል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ተስፋ የሚያስቆርጠው «አንተ ብቻ ጽና፣ ዓለም ይገዛልሃል» የሚለው ተረት ነው፤ ልጁ ሞክሮት ሲወድቅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያኖራልና።

ከዚህም ሌላ የልቦለዱ መነሻ የሆነው እውነተኛ ታሪክ መጨረሻው ደኅና ነበር። የኮርሚየር ልጅ ከትምህርት ቤት ቸኮሌት ሽጥ ተብሎ መጣ። አባትና ልጅ ተቀምጠው ተወያዩበት፤ ልጁ አልሸጥም ብሎ ወሰነ። አባትየው ውሳኔውን የሚደግፍ ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ ጻፈ። ምንም አልደረሰበትም። ጋዜጠኛው አባት ግን ቢደርስበትስ ኖሮ እያለ አሰበና ልቦለዱን ጻፈ። በልቦለዱ የጄሪ አባት የሚሆነውን አያውቁም፤ ሌሊት ስልክ ሲደወል እንኳ የልጆች ቀልድ ነው ተብለው ይመለሳሉ። በእውነተኛው ታሪክ ሁለተኛ ሰው ነበረ፤ በልቦለዱ አልነበረም። ለእኔ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከመቀመጤ በፊት ለመምህራንና ለወላጅ ኮሚቴዎች አንድ ልመና አለኝ። አሽ ተፈታኞቹ መልሳቸውን ጮክ ብለው መናገራቸው ቀርቶ ለብቻቸው በወረቀት እንዲጽፉ ባደረገ ጊዜ፣ ከብዙኃኑ ጋር የመሄዱ ነገር በጣም ቀንሷል። ሊዮን ይህን ሳያነብ ያውቀው ነበር፤ ለዚህም ነው በየዕለቱ ስም እየጠራ ጮክ ብለው እንዲመልሱ ያደረገው። በየትምህርት ቤታችን መዋጮ ሲመጣ፣ ጉዞ ሲዘጋጅ፣ የክፍል አለቃ ሲመረጥ፣ «ያልከፈለ ይነሣ»፣ «ያልተስማማ እጁን ያውጣ» እንላለን። እባካችሁ ይህን ተዉልን። ለእያንዳንዱ ልጅ ብጣሽ ወረቀት ስጡት፤ አጥፎ ያስረክባችሁ፤ ቆጥራችሁ ውጤቱን እንዳለ ንገሯቸው። አሥራ አምስት ልጆች እንደ እሱ እንዳሰቡ የሰማ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ለማውጣት አይቸገርም። መጽሐፉንም ፈልጋችሁ አንብቡት።